ሰኞ ነይ

…ሰኞ ነይ እላታለሁ፣ የሚላት አፌ ነው፣ እኔ ከወንበሬ ጀርባ ቆሜ የሌላ ሰው አፍ እንደምሰማ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ብቅ በይ፣ ቦርዱ ዛሬ ከሰዓት ሳይሰበሰብ አይቀርም፣ ሰኞ አንድ ነገር እንሰማለን መሰለኝ፣ መሰለኝ፣ ሳይሆን አይቀርም፣ እነዚህ ቃላት ጥጥ ናቸው፣ ቢወድቁም ድምፅ የላቸውም። እሺ ጋሼ ትላለች። ሻርፗን አፏ ላይ ጠምጥማዋለች፣ ሳሏን ለመዋጥ ትከሻዋን ሰብሰብ ታደርጋለች፣ አቃታት፣ ሳለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር ጋሼ ትለኝና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታው ትሄዳለች። ቀስ አድርጋ። አንድ ጊዜ እንኳ ብታላትመው ምን አለበት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ዓርብ ይላል። አውቃለሁ። ይህን ዓርብ ሦስት ወር ሙሉ አውቀዋለሁ፣ በእርሳስ ነጥብ አድርጌበታለሁ፣ ዝንብ ያረፈችበት የሚመስል ነጥብ፣ ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይለው፣ እኔን ግን ስገባም ስወጣም ትወጋኛለች። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል እንደሆነ የስንብት ደብዳቤው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ክሱን ያቀርባል፣ ይህ ጊዜ ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፣ መጽሐፉን ሳልገልጥ ነው የምለው፣ ልጅ ሆነን በቃላችን እንዳጠናነው ነገር እንደዚያ ነው የሚወጣልኝ። ይርጋ። ሰዉ ይህን ቃል የት ያውቀዋል። ሕጉ በአንድ እጁ መብትህን ሰጥቶህ በሌላ እጁ ሰዓት ይዞ በር ላይ እንደሚቆም የሚገምት ማን አለ፣ እውነት ካለኝ እውነቴ የት ይሄድብኛል ይላል ሰው፣ ይሄዳል፣ እግር አለው፣ ዛሬ ፍርድ ቤቱ መስኮቱን ሲዘጋ ይሄዳል።

ደወል ነው የምንላት፣ በሳቋ። ፋብሪካችን ውስጥ እሷ የምትሠራበት ማበጠሪያ ክፍል ጥጡ የሚፈለቀቅበት ነው፣ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ ሰው ጆሮ ላይ ካልጮኸ አይሰማም፣ የእሷ ሳቅ ግን ግቢውን አቋርጦ ብርድ ልብስ ማጠፊያው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ። ከፈረቃ ስትወጣ ቅንድቧ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ፣ አሮጊት ሆና ትወጣና በሩ ላይ ታራግፈዋለች፣ ወጣትነቴ ተመለሰ ትላለች፣ ዘበኛው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሳንባዋ ውስጥ የገባውን ማን ያራግፍላት፣ ይህን ማንም አላሰበም፣ እሷ ራሷ ናት ያሰበችው፣ ብናኙን የሚስብ ማራገቢያ ይተከልልን ብላ የክፍሉን ሰው ሁሉ አስፈርማ ወረቀቱን ይዛ መጣች፣ ከዚያ ወዲያ ነው ሥራ አስኪያጁ ስሟን የያዘው።

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው። ልጄ ይሆናል። ስገባ ከወንበሩ ይነሣልኛል፣ አንድ ቀን አንተ ብሎኝ አያውቅም፣ ጨዋ ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ክፉ ነገር በክፉ አንደበት ቢመጣ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ጋሼ፣ አለኝ፣ ይህች ሴትዮ ከአምስት ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቀርታለች አይደል። የሕመም ወረቀት አምጥታለች አልሁት። ማህደሯ ውስጥ አለ? ገና አላያያዝሁትም። እንግዲያው የለም ማለት ነው፣ አለና ፈገግ አለ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው እርስዎ ነዎት፣ ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ከከሰሰች ትመለሳለች፣ እኔ ደግሞ ጩኸት አልወድም፣ እርስዎን ታምናለች፣ በተስፋ ያቆዩልኝ፣ ሦስት ወር ምን አላት። ከዚያ፣ በዚያው ድምፅ፣ ወረቀቱን እያስተካከለ፣ በነገራችን ላይ የሚኖሩበትን የፋብሪካውን ቤት ውል እንዲታደስልዎ ጽፈው ነበር አይደል፣ እፈርመዋለሁ፣ አያስቡ።

አላሰብሁም። ይኸው ነው። አያስቡ ተባልሁ፣ አላሰብሁም።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ሦስት ወሩን ሁሉ እዚያው ነበር፣ ከአሮጌ ካርቦኖች ሥር። ያመጣችው በቀረች በሁለተኛው ቀን ነው፣ ከሐኪም ቤት በቀጥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጋሼ ሐኪሙ አሥር ቀን ተኚ አለኝ፣ ሳንባሽ ተቆጥቷል አለኝ፣ ሳንባም ይቆጣል እንዴ፣ በማን ላይ ነው የሚቆጣው፣ ብላ ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደማት። ተቀበልኋት። ደርሶኛል ብዬ ቀኑን ጻፍሁበት፣ ፈረምሁበት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልማድ ነው፣ እጄ ሳይጠይቀኝ ነው የሚፈርም። ቅጂ ልስጥሽ? ምን ያደርግልኛል እርስዎ ጋ ካለ። እርስዎ ጋ ካለ። እኔ ጋ ነበር። አልቀደድሁትም፣ ይህን ለራሴ እንደ ጽድቅ እቆጥረዋለሁ፣ አልቀደድሁትም፣ የሌባ ጽድቅ፣ የሰረቀውን አልሸጠውም።

የስንብት ደብዳቤዋ የደረሳት ቀን እየሮጠች መጣች፣ ጋሼ ስህተት ነው አይደል። ስህተት ነው አልኋት። ይህ እውነት ነው፣ ከነገርኋት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው። ይታረማል፣ ታገሺ፣ እንዳትከሺ፣ ክስ ቂም ያመጣል፣ ከከሰስሽ እልህ ይይዘውና ጭራሽ ይበላሻል፣ ዓርብ ዓርብ ብቅ በይ። ዓርብ ዓርብ ብቅ አለች። አንድ ቀን ዝናብ ደብድቧት፣ አንድ ቀን እህቷ ወልዳ ከአራስ ቤት ወጥታ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳትለኝ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንሽ አሸለበች፣ አላስነሣኋትም፣ ትረፍ ብዬ። አዛኝ ነኝ እኮ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፣ ውሃው እኔ ነኝ፣ ማሳሳቁንም የተካንሁት እኔ ነኝ።

ድሮ ደግሞ፣ ድሮ ሪዜ ጥቁር ሳለ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ሳለሁ፣ የምሳ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ መብቱን የማያውቅ ሰው መብቱን ለሌላ ሰው አስቀምጧል ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል፣ የዓመት ፈቃድ ምን እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከሥራ እንደማትባረር፣ አንድ በአንድ፣ እሷ በወሩ የተቀጠረች ልጅ ነበረች፣ ከኋላ ቆማ እጇን አወጣችና ጋሼ ይሄ ሁሉ እውነት በወረቀት ላይ አለ? አለችኝ። አለ አልኋት። ታዲያ ማን ጋ ትሂድ፣ አለ ያልኋት እኔ ነኝ።

ስልኩ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ ነው። ጋሼ ምሳ በሉ? በላሁ። ዛሬ ነው አይደል? ዛሬ ነው። ጎሽ፣ መልካም የእረፍት ቀን፣ ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ስልኩን አስቀምጣለሁ።

ባለቤትዎን። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሻዩን እየቀዳችልኝ ያቺ ሴት ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ እጄን ካልሳምሁ አለችኝ፣ አለች፣ ባልሽ በእኔ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቷል አለችኝ፣ እውነት ነው አንተ ሰውዬ? እንግዲህ፣ በሂደት ላይ ነው አልኋት። ብርጭቆውን አስቀመጠች። እንቅልፍስ አጥተሃል፣ ስትገላበጥ ነው የምታድረው፣ ለማን ብለህ እንደሆነ ነው ያልገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪ ነበረች፣ ተማሪ ሲዋሽ ፊቱን ሳይሆን ጫማውን እንደምታይ ነግራኛለች፣ ጫማዬን ስታይ አየኋት።

መሳቢያውን እከፍታለሁ። ካርቦኖቹን አነሣለሁ። አለ። ሐኪሙ የጻፈው አይነበብም፣ የእኔ ጽሕፈት ግን ይነበባል፣ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው ሁልጊዜ። ኪሴ ውስጥ። ጃኬቴ። ስምንት ሰዓት አልሆነም፣ ዘበኛው ጋሼ በጊዜ ነው ዛሬ ይለኛል፣ ራሴን አሞኛል እለዋለሁ፣ ለሰው መዋሸት ከጀመርሁ ወዲህ ያለ ውሸት ደጅ እንኳ አልወጣም።

ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ እሄዳለሁ፣ ፈጥኜ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ዝግ እላለሁ፣ ምን እላታለሁ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አሁን ገና አወቅሁ እላለሁ? ታምነኛለች። የሚገርመው ታምነኛለች። ወረቀቱንስ? ከፋይል መሐል ወድቆ አገኘሁት። ታምነኛለች። ሻይ ቤት አያለሁ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ፣ አንዷን ጠጥቼ ቃሎቼን ላስተካክል፣ እቀመጣለሁ፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ስለ አንድ የቆመ መኪና ይከራከራሉ፣ ዲናሞው ነው ይላል አንዱ፣ ምን ዲናሞ ነው ታካብዳለህ ባትሪው ነው ይላል ሌላው፣ አዳምጣቸዋለሁ፣ እውነት እላችኋለሁ ከልቤ አዳምጣቸዋለሁ፣ ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው፣ ሁለተኛ ብርጭቆ አዛለሁ፣ ቤቱን አስባለሁ፣ ሁለት ክፍሏን፣ ባለቤቴ በመስኮቱ ሥር የተከለቻቸውን አበቦች፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸውን ሁለት ጉልበቶቼን፣ ቀና ስል የሻይ ቤቱ ሰዓት አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይላል። ምን ሆንሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ። ሰው ተቀምጦ ይሰርቃል? ይሰርቃል።

እሮጣለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በጃኬት እሮጣለሁ፣ ልጆች ያዩኛል።

በሩ ክፍት ነው። የሰው ልብስ ተከምሯል፣ እየተኮሰች ነው፣ ለጎረቤት ትተኩሳለች፣ አላውቅም ነበር፣ አልጠየቅኋትም ነበር፣ ከእንፋሎቱ ፊቷን ዘወር አድርጋ ትስላለች። ጋሼ! ምነው በደኅና? ጫማሽን አድርጊ እላታለሁ፣ የስንብት ደብዳቤሽን ያዢ፣ ፍርድ ቤት እንሂድ፣ ዛሬ ካልተከሰሰ አበቃ፣ የመጨረሻ ቀኑ ዛሬ ነው። ለምን ሰኞ ነይ አሉኝ ታዲያ አላለችኝም። ይህን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር፣ መልሱን እየፈለግሁ ነበር፣ አልመጣም፣ ካውያውን ነቅላ አቆመችው፣ ፍራሹን ከፍ አድርጋ ደብዳቤውን አወጣች፣ በፕላስቲክ ጠቅልላዋለች፣ ጫማዋን አንዱን አድርጋ አንዱን በእጇ ይዛ ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ነን፣ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሷ መኪኖቹ ተራ በተራ ሲንቀሳቀሱ እያየች እንደርሳለን ጋሼ አይጨነቁ ትለኛለች፣ እኔን ታጽናናለች፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ጎኔን እንደ ፍም ያቃጥለኛል። ፋይል መሐል ወድቆ አገኘሁት አልሁና ሰጠኋት። ሳመችው። ወረቀቱን ሳመችው፣ ይኸው፣ እኔ እኮ እርስዎ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ሦስት ፎቅ ነው፣ በየመታጠፊያው ቆማ ትስላለች፣ ክርኗን እይዛታለሁ፣ ክርኗ ክብደት የለውም።

መስኮቱ ተዘግቷል። አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ መስኮቱ ግን ተዘግቷል፣ መስታወቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት፣ ዓርብ ዓርብ አዲስ መዝገብ የሚከፈተው እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ የማውቀው ሰው ይህችን ወረቀት አላውቃትም። አንኳኳለሁ። መዝገብ የምትከፍተው ልጅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትመጣለች፣ አባቴ ኮምፒውተሩ ተዘግቷል ሰኞ ይምጡ። ሰኞ ይርጋው ያልፋል ልጄ። እና እኔ ምን ላድርግ አባቴ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። መብራቱን አጠፋችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ይኸው ነኝ፣ መስታወቱ ውስጥ ጃኬት የለበሰ ውሻ ያየኛል።

አለፈ እላታለሁ። አለፈ? ወደ ሥራሽ መመለስ ከዛሬ ወዲያ አይቻልም። ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ፣ እጇን ክንዴ ላይ ታሳርፋለች፣ አይዘኑ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እርስዎ ብቻ ነዎት የሮጡልኝ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ እንደ ልጅ፣ አየሁዎት እኮ ሲሮጡ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ያጣሁትን ሁሉ በእርስዎ ይክሰኝ።

እንግዲህ ይኸው። ዝም ብል ያልቃል። ደረጃውን አብረን እንወርዳለን፣ ታክሲ ላይ እሸኛታለሁ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስሜን በመልካም ታነሣለች፣ ባለቤቴን መንገድ ላይ ስታገኝ እጇን ትስማለች፣ ውሉ ይፈረማል፣ አበቦቹ ውሃ ይጠጣሉ፣ ማን ያውቃል፣ እሱና እኔ፣ እሱ አይናገር፣ እኔ አልናገር። እንዲህ ደግ ሆኖ መሞት ይቻላል፣ ስንቱ እንዲህ ደግ ሆኖ ሞቷል። ግን አውቃለሁ፣ ወይኔ ለምን አውቃለሁ፣ ሌላም አንቀጽ አለ፣ ከይርጋው ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ጥያቄ ትክክለኛነት በጽሑፍ ያመነ እንደሆነ የይርጋው ጊዜ ይቋረጣል፣ የተቋረጠው ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል፣ አሠሪው ማለት ደግሞ በሠራተኛ ጉዳይ ስለ ድርጅቱ የሚፈርመው ሰው ጭምር፣ የሚፈርመው ሰው ደግሞ፣ መስኮቱ ተዘጋ እንጂ ቀኑ አልተዘጋም፣ ፀሐይዋ ገና አለች፣ ዛሬ ዛሬ ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ በይ እላታለሁ። ደከምዎት ጋሼ? ቁጭ በይ።

ነገርኋት። እንዴት እንደጀመርሁ አላውቅም፣ ወረቀቱ አልጠፋም ነበር ብዬ ነው መሰለኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ቀኑንም አውቅ ነበር፣ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ቦርድ የሚባል ነገር አልተሰበሰበም፣ በተስፋ አቆያት ተብዬ ነው፣ ቤቱን፣ የቤቱን ውል፣ እሷ የግድግዳውን ቀለም ታያለች፣ የተላጠችውን ቦታ፣ አንድ ቦታ።

ሻርፗን ከአፏ ላይ ታወርደዋለች። ዓርብ ዓርብ የመጣሁት ሁሉ? ሁሉም። ያ የዘነበው ቀንም? እሱም። ዛሬ ጠዋትስ? ዛሬ ጠዋትም። ያውቁ፣ ብላ ትጀምርና ትቆማለች፣ ቃሉን አፏ ውስጥ ታዞረዋለች፣ ታውቅ ነበር፣ ትለኛለች።

ታውቅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርስዎ ነበርሁ፣ አሁን አንተ ሆንሁ፣ አልጮኸችም፣ ስድብም አይደለም፣ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በልኬ ሰፍታ ነው ያለበሰችኝ።

አሁን ለምን ነገርከኝ? ትላለች። ለነፍስህ ነው? ለነፍሴም ይሆናል እላለሁ። ነፍስህን እቤትህ ሂድና አውራት፣ ለእኔ የሚሆነኝ ምን አለ? አንቀጹን እነግራታለሁ፣ በተራ ቃል፣ ድሮ ጠረጴዛው ላይ እንደማስረዳው፣ ዛሬ በዛሬው ቀን እኔ ጥፋታችን ነው ብዬ ጽፌ ከፈረምሁልሽ ጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ድርጅቱ ይክዳል፣ ዳኛ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም፣ ግን በር አለ፣ ጠባብ ነው ግን አለ። አንተንስ ምን ያደርጉሃል? ያባርሩኛል። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ጻፈው።

ከፍርድ ቤቱ በር ውጪ ማመልከቻ ጸሐፊው ዣንጥላውን እያጠፈ ነው። ፋዘር ዘግቻለሁ ይለኛል። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ፣ ራሴ ነኝ የምጽፈው። ያየኛል፣ እሷ ከኋላዬ ትስላለች፣ ያያታል፣ አጣጥፎ የነበረውን ጠረጴዛ መልሶ ይዘረጋዋል፣ ወንበሩን ያቀርብልኛል። እሺ፣ ከማን ለማን ነው? ከሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ለሚመለከተው ፍርድ ቤት። ኃላፊው የታለ? ይኸው። ያፏጫል። በራስዎ ላይ ነው እንዴ? ቀኑን እጽፋለሁ፣ የዛሬውን።

እጄ ያውቃል መጻፍ። ሠራተኛዋ የሕክምና ማስረጃዋን በወቅቱ ያቀረበች ሲሆን ማስረጃው ከማህደሯ ጋር ሳይያያዝ ቀርቷል፣ በዚህም ምክንያት ከሥራ እንድትሰናበት ተደርጓል፣ ጉዳዩ በመታየት ላይ መሆኑም በየጊዜው ተነግሯታል፣ ይፈስልኛል፣ ያለ አንዲት ስርዝ፣ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፣ ወደ እሷ አዞርላታለሁ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ታነባለች፣ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጣቷ ይቆማል። ሳይያያዝ ቀርቷል ይላል። አዎ። ማን ነው ያላያያዘው? እኔ። እዚህ ላይ የለህም እኮ። ጣቷ ይሄዳል። ተደርጓል፣ ማን ነው ያደረገው? ተነግሯታል፣ ማን ነው የነገረኝ? ነፋስ ነው?

አያለሁ። እውነቷን ነው፣ ገጹ ላይ ማንም የለም። አሥራ አምስት ዓመት የጻፍሁት ሁሉ እንዲህ ነው፣ ተወስኗል፣ ታግዷል፣ ተሰናብተዋል፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድበት ቋንቋ፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጦ ያደረገው ነገር መሆኑ የማይታወቅበት፣ እኔ ጎበዝ ነበርሁ በዚህ፣ ከሌላ ክፍል ሁሉ እየመጡ አርምልን ይሉኝ ነበር። እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ይከብዳል። ሳይያያዝ ቀርቷል የሚለው ላይ መስመር እስባለሁ። ከበላዩ አላያያዝሁትም ብዬ እጽፋለሁ። እንድትሰናበት ተደርጓል ላይ መስመር፣ የስንብቱን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ አዘዘኝ፣ እኔ ጻፍሁት። ተነግሯታል ላይ መስመር፣ ነገርኋት። ምን ብለህ? ትላለች። ጉዳይሽ እየታየ ነው ብዬ ነገርኋት፣ አይታይም ነበር፣ ይህን የማደርገው የክስ ጊዜዋ እንዲያልፍ ነበር። ፊደሎቼ ይንጋደዳሉ፣ ቆንጆው ጽሕፈቴ የት ገባ።

ማመልከቻ ጸሐፊው ከጎን ሆኖ ያነባል። ፋዘር ይሄ ተሰራርዞ አይሆንም፣ ንጹህ ወረቀት ልስጥዎት፣ ይገልብጡት፣ ዳኛ ንጹህ ነገር ነው የሚወድ። እጄን ወደ ንጹሁ ወረቀት እዘረጋለሁ።

አይ፣ ትላለች እሷ። ስርዙም ይታይ። መጀመሪያ ምን ብሎ እንደጻፈው ዳኛውም ይየው።

እፈርማለሁ። ጸሐፊው ምስክር ሆኖ ይፈርማል፣ ድርጅቱ አላውቀውም ቢል እኔ የለሁበትም ይላል እየፈረመ፣ እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ ግማሹ ያልፋል ግማሹ ይወድቃል። እሷ ወረቀቱን እፍ ብላ ታደርቀዋለች፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ታስገባዋለች፣ ብብቷ ሥር። ልሸኝሽ እላለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ትሄዳለች፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆማ ትስላለች፣ ዘወር የምትል ይመስለኛል፣ እስክትጨርስ ነው የቆመችው፣ ትሄዳለች፣ ሰው መሐል ትገባለች፣ አትታየኝም።

ባለቤቴ አሁን አበቦቹን የምታጠጣበት ሰዓት ነው። ጫማዬን ታየዋለች። ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሬ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ስለ ዕቃዎቹ እንነጋገራለን፣ አልጋው በዚያ በር አይወጣም፣ ሲገባም ተፈትቶ ነው የገባው፣ መፍቻ መፈለግ አለብኝ። ፋዘር፣ ይላል ጸሐፊው፣ ወንበሩን፣ ልሄድ ነው። እነሣለሁ።